ስለ ብጉር የጓዳ ሕክምና፦ ከሽንዲ ጓዳ እስከ መድኃኒት ቤት መስኮት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ብጉር ሰው የማይሞትበት ሕመም በመሆኑ በሙያ ስብሰባ ላይ ስሙ እምብዛም አይነሣም። ወባ፣ የሳንባ ነቀርሳና የወሊድ ደም መፍሰስ ተራ በሚጠብቁበት አጀንዳ ላይ የጎረምሳና የኮረዳ ፊት ጉዳይ ቦታ ማግኘቱ እንደ ቅንጦት ይቈጠራል። ዳሩ ግን ከመድኃኒት ቤት መስኮት በስተ ኋላ ለብዙ ዘመን የቆመ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሸፍና፣ ሌሎቹ ደንበኞች እስኪሄዱ ጥግ ይዛ ቆማ፣ በመጨረሻ ዝግ ባለ ድምፅ «ለፊት የሚሆን ነገር አለ?» ብላ የምትጠይቀው ተማሪ ናት። በሽንዲም ቢሆን፣ በቡሬም ቢሆን፣ በፍኖተ ሰላምም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። ልጅቱ እዚያ መስኮት ላይ ከመድረሷ በፊት ግን ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ያለፉባት ሌላ ሐኪም ቤት አለ፤ እርሱም የእናቷ ጓዳ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ ጓዳ ነው።

ስለ ሕመሙ ስፋት ጥቂት ማለት ይገባል። ከ12 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሚገኙ ሰዎች ከመቶ 85 ያህሉ በአንድ ወቅት ብጉር እንደሚወጣባቸው በሕክምና መጻሕፍት ዘወትር ይጠቀሳል። ከዚህ ሁሉ ሰው አብዛኛው በጊዜ ብዛት ይድናል። ችግሩ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ አንዲት ትንሽ ብጉር እንኳ ተቈጥታ ስትከስም የቆዳው ማቅለሚያ በዚያ ሥፍራ ስለሚከማች ለወራት የሚቆይ ጥቁር ነጥብ ትተዋለች፤ በጥልቀት የተቈጣችው ደግሞ ጎድጓዳ ወይም ያበጠ ጠባሳ ትታ ትሄዳለች። ስለሆነም ወደ መስኮቱ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚያለቅሱት በብጉሩ ሳይሆን ብጉሩ ትቶት በሄደው ምልክት ነው። ከምልክቱም ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ብጉሩ ራሱ ያመጣው ሳይሆን ሕክምና ተብሎ ፊት ላይ የተደረገው ነገር ያመጣው ነው።

የወንበርማና የቡሬ አገር ጓዳ ባዶ አይደለም። ምድሩ በቆሎና በርበሬ የሚያበቅል፣ ኑግ የሚያብብበት፣ ንብ የሚያንብበት ነው። በጓዳው ውስጥ ማር አለ፤ ለጋ ቅቤ አለ፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ተልባ፣ አብሽ፣ እርጎ አለ፤ ከጓሮው አጥር ሥር ደግሞ እሬት አይጠፋም። እናት ለልጇ ፊት ከእነዚህ አንዱን ብታነሣ የሚያስነቅፋት ነገር የለም። ገንዘብ አያስወጣም፤ ሩቅ አያስኬድም፤ ከእናት ከአያት የተወረሰ ነው። «የአበሻ መድኃኒት አትንኩ» ብሎ በደፈናው የሚገሥጽ ባለሙያ የሚያተርፈው ነገር ቢኖር ሁለተኛ እውነቱን የማይነግረው ደንበኛ ብቻ ነው። የሚበጀው የትኛው ይጠቅማል፣ የትኛው አይጎዳም፣ የትኛውስ ያቃጥላል ብሎ ለይቶ ማወቅ ነው።

ለመለየት የብጉርን አፈጣጠር ማስታወስ ያስፈልጋል። በፊት፣ በደረትና በጀርባ ቆዳ ላይ ያሉት የጠጉር ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው የወዝ ዕጢ ተያይዞባቸዋል። በጉርምስና ጊዜ ሆርሞን ሲነሣ ዕጢው ወዝ ያበዛል፤ የቀዳዳው ውስጠኛ ግድግዳም ሴሎቹን እንደ ወትሮው አራግፎ ከማውጣት ፈንታ እርስ በርሳቸው ያጣብቃቸዋል። ቀዳዳው ይደፈናል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ወዙ ይጠራቀማል፤ በማንኛውም ጤነኛ ቆዳ ላይ የሚኖረው ተሕዋስም (ቀድሞ ፕሮፒዮኒባክቴሪየም ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለው) በዚያ ይራባል፤ ሰውነትም ይቈጣል። እንግዲህ ነገሩ አራት ነው፤ ወዝ፣ መደፈን፣ ተሕዋስና መቈጣት። ጥቁር ራስ ያለው ብጉር ጥቁረቱ እድፍ አይደለም፤ የቆዳው ማቅለሚያና ወዙ ከአየር ጋራ ሲገናኙ የሚያሳዩት ቀለም ነው። ይህ ነጥብ ቀላል ቢመስልም በአመድ፣ በአሸዋና በቡና አተላ ፊቱን የሚፈትግ ወጣት ሁሉ የሚፈትገው ቆሻሻ የመሰለውን ነገር ለማስለቀቅ ነውና ለደንበኛ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። «ስታገባ ይለቃታል» የሚለውም አባባል ከዚሁ አፈጣጠር አንጻር መሠረት የለውም። የሚለቃት ዕድሜ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ አይደለም፤ ብጉር ከ25 ዓመት በኋላም የሚዘልቅባቸው ሴቶች ጥቂቶች አይደሉም።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። መጀመሪያ መነሣት የሚገባው በመድኃኒትነት ሳይሆን በምክንያትነት የሚገኘው ቅቤ ነው። በጎጃም ገጠር ለጋ ቅቤ ለራስ ጠጉር መቀባት የማዕረግም፣ የጤናም፣ የውበትም ነገር ነው፤ ለራስ ምታት ይቀባል፣ ለበዓል ይቀባል፣ ለወላድ ይቀባል። ቅቤ የተቀባ ራስ ፀሐይ ሲመታው ቅቤው ቀልጦ ወደ ግንባርና ወደ ጆሮ ግንድ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሌቪግ፣ ፉልተንና ክሊግማን የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ መካከል የጠጉር ቅባት ከሚጠቀሙት ሰዎች ብዙዎቹ በግንባራቸውና በጆሮ ግንዳቸው ላይ ጥቃቅን፣ የቆዳ ቀለም ያላቸው፣ እጅግ የተቀራረቡ ብጉሮች እንደሚያወጡ ገልጸው ነበር። ሐኪሞቹ ያዩት ቅቤን ሳይሆን ቫዝሊንን የመሰሉ ቅባቶችን ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳን የሚደፍን ወፍራም ቅባት ሥራው በየትም አገር ያው ነው። ስለዚህ ብጉሯ በግንባሯ የጠጉር መስመር ላይ እንደ ሻሽ ጠርዝ ተደርድሮ የሚታይ ልጃገረድ ስትመጣ፣ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ጠጉሯ ነው። ቅቤውን ጨርሳ ተይ ማለት የሚሆን ነገር አይደለም፤ በልማድም በፍቅርም የገባ ነውና። ከግንባር ሁለት ጣት ያህል ገባ አድርጎ ጫፉን ብቻ መቀባት፣ ሻሽ አስሮ ማደር፣ ጠዋት ግንባርን በሳሙና መታጠብ ግን ይቻላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ውጤቱ በአንድ ሳምንት አይታይም፤ የተደፈነ ቀዳዳ ለመከፈት ወራት ይፈልጋል።

ስለ ቅባት ከተነሣ የኑግ ዘይትን ማለፍ አይገባም። የኢትዮጵያ ኑግ ዘይት አብላጫው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ስብ ነው። ብጉር ያለባቸው ሰዎች ወዝ ደግሞ በዚህ ስብ የሳሳ መሆኑ ታውቋል፤ ከዚህም ተነሥቶ ንጹሕ ሊኖሌይክ አሲድ ለአንድ ወር በቆዳ ላይ የተቀባበት አንድ አነስተኛ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 ጥቃቅኖቹ ድፍኖች በመጠን እንደ ቀነሱ ዘግቧል። ይህን ያነበበ ወጣት ባለሙያ «እንግዲያውስ ኑግ ይቀቡ» ለማለት ይቸኩል ይሆናል። መቸኰል አያስፈልግም። በጥናቱ የተቀባው ተለይቶ የወጣ ስብ እንጂ በጓዳ ጠርሙስ ውስጥ ከርሞ የኰመጠጠ ዘይት አልነበረም፤ ይህ ዓይነቱ ስብ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ የተበላሸ ዘይትም ቆዳን ያስቈጣል። ኑጉ ለወጡ ይሁን።

ሎሚ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ፊት ያበላሸ የጓዳ መድኃኒት ነው። ይህ ከባድ አነጋገር ሊመስል ስለሚችል ምክንያቱን በዝርዝር ማቅረብ ይገባል። ጤነኛ ቆዳ በላዩ ቀለል ያለ ኮምጣጣነት አለው፤ በፒኤች መለኪያ አምስት አካባቢ ነው። የሎሚ ጭማቂ ሁለት አካባቢ ነው። መለኪያው በአሥር እጥፍ የሚራመድ በመሆኑ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሦስት ሳይሆን የሺህ እጥፍ ነው። ተቈጥቶ በቆሰለ ብጉር ላይ እንዲህ ያለ ኮምጣጣ ሲፈስ የሚሰማው ማቃጠል «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ተብሎ ይታመናል። የሚሠራው ግን ቃጠሎ ነው። ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ነገር ነው። በሎሚ ውስጥ፣ በተለይም በልጣጩ፣ ሶራሌን የሚባሉ ቅመሞች አሉ። እነዚህ ቆዳ ላይ አርፈው ፀሐይ ሲመታቸው ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ ቃጠሎው የሚወጣውም በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በመጀመሪያ መቅላት፣ ቀጥሎ ውኃ መቋጠር፣ በመጨረሻም ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ። ልጅቱ እሑድ ጠዋት ሎሚ ተቀብታ ገበያ ውላ ማክሰኞ ፊቷ ሲቃጠል ሎሚውን አትጠረጥርም፤ «ምች መታኝ» ትላለች።

በዚህ ላይ የአገሩን ከፍታ መጨመር ያስፈልጋል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ናቸው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከመቶ አሥር ያህል ይጨምራል። ደጋው ነፋሻ ስለሆነ ሙቀቱ ባይሰማም ጨረሩ ግን ቆላ ካለው የበረታ ነው። ሎሚ ለመቀባት ከዚህ ያነሰ የሚመች አገር ማግኘት ያስቸግራል።

ማር ሌላ ነው። ስለ ማር ለማውራት የጎጃም ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ ከመስከረም አበባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቈረጠው፣ አደይና ኑግ የተቀሰመበት ቢጫ ማር የአገሩ መታወቂያ ነው። ማር ተሕዋስን እንደሚገድል በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ ነው፤ ምክንያቶቹም የታወቁ ናቸው። ከአምስት እጁ አራት እጅ ያህሉ ስኳር ስለሆነ ለተሕዋስ የሚተርፍ ውኃ የለውም፤ ኮምጣጣ ነው፤ ከሁሉም በላይ ንቧ የምትጨምርበት አንድ ኤንዛይም ማሩ በትንሽ ውኃ ሲቀጥን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ይህ ኤንዛይም ሙቀት አይወድም። ስለሆነም እንዲቀጥን ተብሎ እሳት ዳር የሞቀ ማር ጣዕሙ ቢኖርም ኀይሉ የለም፤ በስኳር ሽሮፕ የተበረዘውም እንዲሁ።

እንግዲህ ማር ብጉርን ያድናል ወይ? ይህን ጥያቄ በአግባቡ የጠየቁት የኒው ዚላንድ ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 136 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን በፀረ ተሕዋስ ሳሙና ብቻ፣ ሌላውን በሳሙናውና ካኑካ ከሚባል የአገራቸው ዛፍ በተገኘ ማር ለ12 ሳምንታት አስታጥበውና አስቀብተው አዩ። ማሩ ከሳሙናው በላይ የጨመረው ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልተገኘም። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ ማር ከላይ ያለውን ተሕዋስ ይገድላል እንጂ የተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ ዘልቆ አይገባም፤ ወዝ አይቀንስም፤ ድፍኑንም አይከፍትም። ከአራቱ ነገሮች አንዱን፣ እርሱንም ከውጭ ብቻ ይነካል። ማር ግን አይጎዳም፤ ቆዳን ያለሰልሳል። ለማር አለርጂ የሌላት ልጅ ለሃያ ደቂቃ ቀብታ በለብታ ውኃ ብትታጠበው የሚደርስባት ነገር ቢኖር የዝንብ ሰልፍ ነው።

የቀረውን ፈጠን ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነጭ ሽንኩርት ተፈጭቶ ቆዳ ላይ ታስሮ ካደረ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ቃጠሎውም በሕክምና ጽሑፎች ተደጋግሞ ተመዝግቧል። የጥርስ ሳሙና ለጥርስ የተሠራ ነው፤ አረፋውና ማቀዝቀዣው ቆዳን ያደርቃል፣ ያስቈጣልም። የጠዋት ምራቅ፣ አፍን ሳይጉመጠመጡ የሚቀባው፣ ከአፍ ተሕዋስ በቀር ለብጉሩ የሚያመጣለት የለም። የእንቁላል ነጭ ሲደርቅ ቆዳን ስለሚጨመድድ የሠራ ይመስላል፤ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። እርድ ተስፋ የሚሰጥ ቅመም ቢሆንም በጓዳ አያያዙ ከፊት ይልቅ ነጠላ ያቀልማል። ተልባና እርጎ አይጎዱም። እሬት ሁለት ነገር ነው፤ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ያስቈጣል፣ ከመካከሉ የሚገኘው ንጹሕ ልጋግ ግን ያበርዳል፤ ስለዚህ የተቈረጠው ቅጠል ቢጫው እስኪንጠባጠብ ዘቅዝቆ ማቆየትና መታጠብ ይገባል።

በርበሬ መድኃኒት ተብሎ ፊት ላይ አይደረግም፤ ነገር ግን በቡሬና በወንበርማ የበርበሬ ወራት ሲደርስ ፊት ላይ መድረሱ አይቀርም። ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች ልጅ ብጉሯን በጣቷ ነካ ነካ ስታደርግ የሚሆነውን የሚያውቀው የደረሰበት ነው። የሚያቃጥለው ቅመም ካፕሳይሲን ይባላል፤ በውኃ አይሟሟም፣ በዘይት ግን ይሟሟል። ስለዚህ እጅን አስቀድሞ በዘይት አሽቶ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ነው።

ስለሚበላው ነገር ደግሞ ብዙ ይባላል። ኦቾሎኒ ብጉር ያወጣል የሚለው እምነት በከተማም በገጠርም የተስፋፋ ቢሆንም በጥናት የተደገፈ አይደለም። ስኳር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአውስትራሊያ 43 ወጣት ወንዶች ለ12 ሳምንታት ተከፋፍለው ሲመገቡ፣ ደምን ቶሎ በስኳር የማይሞላ ምግብ የበሉት ወጣቶች ብጉራቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሷል። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 በፓፑዋ ኒው ጊኒ የኪታቫ ደሴት 1,200 ሰዎች፣ በፓራጓይም 115 የአቼ ጎሣ ሰዎች ታይተው በአንዳቸውም ላይ ብጉር እንዳልተገኘ ተዘግቧል፤ ሁለቱም ሕዝቦች የፋብሪካ ምግብ እምብዛም የማያውቁ ነበሩ። ዝርያቸውም ድርሻ ሊኖረው ስለሚችል ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ማለት አይገባም። ቢሆንም በቀን ሦስት ጊዜ አራት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይና ለስላሳ የምትጠጣ ተማሪን ስኳሩን ቀንሺ ማለት ከሎሚ የተሻለ ምክር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊነሣ ይገባል። የቤት ዕውቀት በሳይንስ ፊት ቀርቦ ሁልጊዜ አይወድቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ከዚያም መርምሮ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጠ። ወደ ጎጃም ቀረብ ያለው ምሳሌ ደግሞ የእግር ዝሆኔ ነው። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 700 ያህል ሕሙማን የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እግርን በንጽሕና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰርና ጫማ ማድረግ የዝሆኔውን የሕመም ግርሻ በአምስት እጅ አንድ ያህል እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ጫማ፤ ከዚህ የበለጠ ተራ ነገር የለም። ልዩነቱ እነዚህ ነገሮች በዕጣ ተከፍሎ፣ ተቈጥሮ፣ ተመዝግቦ መታየታቸው ነው። ሎሚም ማርም እንደዚሁ ሊጠየቁ ይገባቸዋል፤ ማር ተጠይቆ መልሱን ሰጥቷል።

ከጓዳው ወጥቶ መስኮቱ ላይ የሚደርሰው ወጣት የሚጠብቀው አደጋ ከሎሚ የባሰ ሊሆን ይችላል። እርሱም ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶልን የመሰሉ የስቴሮይድ ክሬሞች ናቸው። እነዚህ ለሌላ የቆዳ ሕመም ዋጋቸው ታላቅ ነው። ብጉር ላይ ሲቀቡ ግን በመጀመሪያው ሳምንት መቈጣቱን ስለሚያበርዱ ፊቱ ለስልሶ፣ ነጥቶ፣ ያማረ ይመስላል። ልጅቱ ጎረቤቷን ትጠቁማለች፤ ጎረቤቷ እኅቷን። በወራት ውስጥ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይወጣበታል፣ ስቴሮይዱ ራሱ የሚያመጣው ብጉር አንድ ዓይነት ሆኖ ይፈላል፤ ክሬሙ ሲቆም ደግሞ ፊቱ እንደ ፍም ይቀላል። ያን ጊዜ ተመልሳ የምትመጣው ሌላ ቱቦ ልትገዛ ነው። ይህን ክሬም ያለ ማዘዣ በመስኮት የሚያሳልፍ ባለሙያ ልጅቱን ከሎሚው ማዳኑ ሳይሆን ወደ ከፋው ማሻገሩ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ጓዳውን መውቀስ ቀላል፣ መስኮቱን መውቀስ ግን ከባድ ሆኖ ቆይቷል።

ታዲያ ምን ይሰጥ? በቀን ሁለት ጊዜ ፊትን በለብታ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና መታጠብ፤ አለመፈተግ፤ አለማፍረጥ። ከዚያ በኋላ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ከመቶ ሁለት ተኩል ወይም አምስት፣ በትንሽ በትንሹ። ይህ መድኃኒት ጨርቅ ያነጣል፤ ለነጠላው ነጭ ክፍል ግድ የለም፣ ጥለቱን ግን ያደበዝዛልና አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ አለዚያ የመድኃኒቱ ስም በአንድ ጥለት ምክንያት በሰፈር ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ክሊግማንና ባልደረቦቹ ለብጉር ማገልገሉን ያሳወቁት ትሬቲኖይን፣ በኋላም የመጣው አዳፓሊን፣ ማታ ማታ ይቀባሉ፤ ድፍኑን የሚከፍቱት እነዚህ ናቸው። ለነፍሰ ጡር አይሰጡም፤ ስለዚህ ልጅቱ ትንሽ ናት ተብሎ ጥያቄው መታለፍ የለበትም፣ በገጠር ትንሿም ያገባች ልትሆን ትችላለችና። የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን በሐኪም ሲታዘዝ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ተውጦ ወዲያው አለመተኛት፣ ከፀሐይም መጠለል ያስፈልጋል፤ እርሱም ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

በመስኮቱ ላይ የሚደረገው ንግግር ግን ከመድኃኒቱ እኩል ይከብዳል። እናት ልጇን አስከትላ ትመጣለች። «ዶክተር፣ ይህችን ልጅ ፊቷን አየህልኝ? ሎሚውንም ማሩንም አደረግሁላት፤ ወይ ፍንክች!» ትላለች። ጥሩ ባለሙያ እዚህ ላይ አይስቅም፣ አይገሥጽም። «እናቴ፣ ማሩ አልጎዳትም፤ ከፈለጉ ይቀጥሉ። ሎሚውን ግን ለሻይ ያድርጉት። ይህን ቅባት ማታ ማታ የአተር ፍሬ ታህል ለሙሉ ፊቷ ትቀባ፤ በመጀመሪያው ወር ሊብስባት ይችላል፣ አይጣሉት» ይላታል። «መቼ ይለቃታል?» ስትለው «በሦስት ወር» ይላታል እንጂ «ቶሎ» አይላትም። ዛሬ መስከረም ከሆነ ታኅሣሥ ብሎ ወሩን በስሙ መጥራት ይጠቅማል፤ ሰው ያለ ቀጠሮ አይታገሥም። ከጓዳ መድኃኒት ሁሉ የሚበልጠው ጠላት በሁለት ሳምንት ተስፋ ቈርጦ ሌላ መሞከር ነው።

ብጉር የመሰለ ሁሉ ብጉር አለመሆኑም አይዘንጋ። በኢትዮጵያ ደጋ በአፍንጫ፣ በጉንጭ ወይም በጆሮ ላይ አንድ ብቻዋን የምትወጣ፣ የማታምም፣ ለወራት እየሰፋች የምትሄድ ቁስል አለች፤ ሕዝቡ ቁንጭር ይላታል። የምታመጣት ሌይሽማኒያ ኤቲዮፒካ የምትባል ጥገኛ ስትሆን በአሸዋ ዝንብ ንድፊያ ከሽኮኮ ወደ ሰው ትተላለፋለች። በትኩስ ብረትና በቅጠል ሲያክሟት ጠባሳዋ ከራሷ የከፋ ይሆናል፤ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድም አይነካትም። ስለዚህ ጥቁር ራስ የሌለበት፣ ብቻውን ያለ፣ ከሁለት ወር በላይ የቆየ የፊት እብጠት ወደ ሐኪም መላክ አለበት። የገጣ ቀለም ያለውና የማያሳክክ ምልክት ሲታይ ደግሞ ከእናቲቱ የሚፈተል ጥጥ ጥቂት ተቆንጥሮ ጫፉ ሾል ይደረግና ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ምልክቱ ላይ፣ ቀጥሎም ጤናማው ቆዳ ላይ ነካ ይደረጋል። ጤናማው ላይ ሲነካ «እዚህ» ብላ በጣቷ አሳይታ ምልክቱ ላይ ሲነካ ዝም ካለች፣ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትላካለች።